ስሜት ላጣ እግር የሚሆን ጫማ፦ የዶክተር ፖል ብራንድ ሕይወትና ሥራ

የሕክምና ታሪክ ጸሐፍት ዶክተር ፖል ዊልሰን ብራንድን በአመዛኙ የሚያነሷቸው በሥጋ ደዌ የተቆለመሙ የእጅ ጣቶችን በቀዶ ሕክምና መልሰው እንዲንቀሳቀሱ በማድረጋቸው ነው። ዝናው የሚገባቸው ነው፤ ነገር ግን የሥራቸውን ከባድ ክፍል ይጋርዳል። እጅን ለማቅናት ብዙ ጊዜ አንድ የተሳካ ቀዶ ሕክምናና የጥቂት ወራት ልምምድ ይበቃ ነበር። እግርን ከመቆረጥ ለማዳን ግን ጎማ፣ ቆዳ፣ ሙጫና የጫማ ሠሪ ዓይን ያስፈልግ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰውየውን የዕለት ተዕለት አካሄድ ማወቅ ግድ ይል ነበር። ይህ ጽሑፍ የሐኪሙን ሕይወት በዚህ በኩል ይከተላል። ለተጎዳ እግር የሚሆነው የጫማ ውስጥ ንጣፍ በምን መመዘኛ እንደሚመረጥ የተረዱበትን ረጅም መንገድ ይመለከታል።

ጉዳዩ ለወሎ እንግዳ አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ባቲ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው ገበያዋ የታወቀች ናት፤ ከደጋው የሚወርደው አማራና ኦሮሞ ከቆላው ከሚወጣው አፋር ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። ከገበያተኛው ብዙው የሚመጣው በእግሩ ነው። የሚጫማውም ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ፣ የፕላስቲክ ጫማ ወይም ነጠላ ጫማ ነው። ጤነኛ እግር ያለው መንገደኛ ጠጠር ሲገባበት ቆሞ ያራግፋል፤ ማሰሪያው ሲፍቀው ያላላል፤ አንዱ የእግሩ ጎን ሲደክም ሳያስበው በሌላው ጎን ይረግጣል። ነርቩ የሞተበት ሰው ግን ያንኑ ጠጠር ተሸክሞ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ቁስሉን የሚያየው ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ነው፤ ያውም እግሩን ከተመለከተ። በእነዚህ ሁለት መንገደኞች መካከል ያለውን ልዩነት ምክንያቱን ለማወቅና በጫማ ለማካካስ ብራንድ የዕድሜያቸውን ትልቅ ክፍል ሰጥተዋል።

ብራንድ የተወለዱት ጁላይ 17 ቀን 1914 በደቡብ ሕንድ በኮሊ ተራሮች ነው (ዓመታቱ ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወላጆቻቸው ጄሲና ኤቭሊን ብራንድ እንግሊዛውያን ሚስዮናውያን ነበሩ። የተሟላ የሐኪምነት ትምህርት ሳይኖራቸው ለተራራው ነዋሪ ጥርስ ይነቅሉ፣ ቁስል ያጥቡ ነበር። ልጁ በባዶ እግሩ እየሮጠ፣ ዛፍ እየወጣ አደገ። በልጅነት ትዝታቸው ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ቀርቷል። አንድ ቀን በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች ወደ ቤታቸው ሲመጡ፣ ማንኛውንም ሕመምተኛ በባዶ እጃቸው ይዳስሱ የነበሩት አባት ያን ዕለት ጓንት አጥልቀው ቁስላቸውን አከሙ። በቤቱ ውስጥ ፍርሃት የታየው ያን ጊዜ ነበር። ፖል በ9 ዓመታቸው ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ፤ አባታቸውንም ዳግመኛ አላዩም። ጄሲ ብራንድ በ1929 ከወባ በሚመጣ ብርቱ ሕመም በተራራው ላይ ሞቱ። እናታቸው ግን ሕንድን ሳይለቁ ዘጠና ዓመት አልፏቸው እዚያው ዐረፉ።

ወጣቱ ብራንድ መጀመሪያ ሐኪም ለመሆን አልፈለጉም፤ የቁስልና የመግል ትዝታ ይዘገንናቸው ነበር። ስለዚህ እንደ አባታቸው ግንባታ ለመማር መርጠው ለአምስት ዓመታት ያህል የግንበኝነትና የአናጺነት ሙያ ተለማመዱ። የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዘመን እንደ መንገድ መሳት ቆጥረው ቶሎ ያልፉታል። ለእግር ጥናት ግን ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ያልተናነሰ ዋጋ ነበረው። ግንበኛ ሸክም በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ፣ ቅስት ለምን እንደሚሸከም፣ ሙሉ ክብደት በአንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ ሲያርፍ ድንጋይም ቢሆን እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። በኋላ ዘመን ብራንድ የእግርን ቁስል ሲመረምሩ የሚያስቡት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ክብደቱ ስንት ነው፣ የሚያርፍበት ስፋትስ ምን ያህል ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ ይደጋገማል እያሉ። ከዚያ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል ሕክምና ተማሩ፤ ከተማዋ በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብም ቁስለኞችን በማከም ቀዶ ሐኪምነትን ተለማመዱ። በ1943 አብረዋቸው የተማሩትን ማርጋሬት ቤሪን አገቡ። ማርጋሬትም በኋላ ሥጋ ደዌ በዓይን ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ዕውቅ ሐኪም ሆኑ።

በ1946 ብራንድ በደቡብ ሕንድ ቬሎር ከተማ በሚገኘው የክርስቲያን ሕክምና ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩ። በማግሥቱ ዓመት የሥጋ ደዌ ሊቅ የነበሩት ዶክተር ሮበርት ኮክሬን ወደሚመሩት የቺንግልፑት ማዕከል ለጉብኝት ሄዱ። እዚያ ያዩት ያስደነገጣቸው በሽታው ሳይሆን የሙያ አጋሮቻቸው ቸልታ ነበር። በዓለም ላይ እጅና እግር የሚያሽመደምዱ ሕመሞችን የሚያጠና የአጥንት ሐኪም ሞልቶ ሳለ ሥጋ ደዌን የነካው አልነበረም። የጣት መቆልመምን በጅማት ማዛወር ማቅናት የጀመሩት ከዚህ በኋላ ሲሆን ሥራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዝናቸውን አወጣው።

በዚያ ዘመን ስለ እግር የነበረው እምነት ግን ሥራውን ሁሉ ከንቱ የሚያደርግ ነበር። ብዙ ሐኪሞች ጣትና እግር የሚያልቀው ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ስለ ጫማ መነጋገር ትርጉም አይኖረውም፤ የሚበሰብስ ሥጋን ምንም ዓይነት ንጣፍ አያድነውም። የብራንድ ቡድን ያደረገው ፈተና ቀላል ነበር። የቆሰለውን እግር በጄሶ ጠቅልለው ለሳምንታት አቆዩት። ጄሶው ሲፈታ ለዓመታት አልድን ያለው ቁስል ተዘግቶ ተገኘ። ሥጋው እንደማንኛውም ሰው ሥጋ ይድናል ማለት ነው። ሕመምተኛው በደስታ ወደ ቤቱ ሄዶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ቁስል በዚያው ቦታ ተከፍቶ ይመለስ ነበር። ከበሽታው ይልቅ ተጠያቂው ርምጃው መሆኑ ታወቀ፤ በመኝታ ክፍል የዳነው እግር በመንገድ ላይ ይፈርስ ነበር።

የስሜትን ዋጋ ብራንድ በራሳቸው አካል የተረዱበት አንድ ሌሊትም አለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ የጥናት ጉዞ ሲመለሱ፣ ታመውና ደክመው ለንደን በደረሱበት ምሽት ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ተረከዛቸው ምንም እንደማይሰማው አስተዋሉ። በመርፌ ወጉት፤ አላመማቸውም። ለዓመታት ከሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ጋር የኖረ ሐኪም ይህ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ሌሊቱን ሳይተኙ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ተለይተው መኖር እንዳለባቸው ሲያስቡ አነጉ። ጠዋት መርፌውን እንደገና ሲወጉት ሕመሙ ዘልቆ ተሰማቸው። የደነዘዘው በባቡር ላይ ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ሰዓት በመቀመጣቸው የተጫነ ነርቭ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕመምን እንደ ጠላት ማየት እንደተዉ በጽሑፎቻቸው ደጋግመው አስረድተዋል።

የጫማው ፍለጋ ዓመታት ፈጀ። ቡድኑ እንጨት ጠረበ፣ ሰም አቀለጠ፣ በጄሶ ቅርጽ አወጣ፣ ፕላስቲክ ሞከረ። ደረቅ ነገር ከእግሩ ቅርጽ ጋር ካልገጠመ አዲስ ቁስል ያመጣል። ለስላሳ ስፖንጅ ደግሞ በእጅ ሲነካ ደስ ቢልም የሰው ክብደት ሲያርፍበት ተደፍጥጦ እንደ ወረቀት ይሳሳል፤ ስለዚህ የሚያጽናናው ሐኪሙን እንጂ እግሩን አይደለም። በመጨረሻ የተገኘው ረቂቅ የአየር ቀዳዳዎች ያሉት ጎማ ነበር። ይህ ጎማ በክብደት ሥር ይሰጣል፣ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አይደፈጠጥም፤ እግር ሲነሣም ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ከሥሩ እሾህና ሚስማር የማያሳልፍ ጠንካራ የመኪና ጎማ ይደረግለታል። ሁለቱ የሚያያዙት በሙጫና በስፌት ብቻ ነው። ሚስማር ፈጽሞ የተከለከለ ነበር፤ ሚስማሩ ሲወጣ እንደ ጠጠሩ ሁሉ ሕመምተኛው አይሰማውምና።

ንጣፉን የመምረጥ ጥበብ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ በዚህ ረገድ የብራንድ ሥራ በሥጋ ደዌ ሳይወሰን ለማንኛውም የእግር ችግር ያገለግላል። እግሩ ስሜት አጥቶ ቅርጹ ግን ካልተለወጠ፣ ጠባሳም ከሌለበት፣ ለጥ ያለ ለስላሳ ንጣፍና ከኋላ በተረከዝ ዙሪያ የሚታሰር ሸበጥ ይበቃዋል። የኋላ ማሰሪያው ጌጥ አይደለም፤ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ነጠላ ጫማን አንቆ መያዝ ስለማይችል እግሩ በጫማው ውስጥ ይንሸራተታል፣ መንሸራተቱም ቆዳን ይልጣል። በጣቶች መካከል የሚገባ ማሰሪያም በዚሁ ምክንያት አይመከርም።

ከጣቶች ሥር ባሉት የአጥንት ራሶች ላይ ጠባሳ ወይም የደደረ ቆዳ ሲታይ ለጥ ያለው ንጣፍ አይበቃም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለስላሳውን ነገር በሚያመው ወይም በቆሰለው ቦታ ሥር በመጨመር ነው። በቁስሉ ሥር የተጨመረ ነገር ያንኑ ቦታ ከፍ አድርጎ ተጨማሪ ክብደት ይጭንበታል። ድጋፉ መቀመጥ ያለበት ከአጥንት ራሶቹ ወደ ኋላ፣ ወደ ቅስቱ በኩል ነው፤ ያን ጊዜ ክብደቱን ቅስቱ ይካፈላል፣ የአጥንቶቹ ራስም ያርፋል። ድጋፉ በጣት ስፋት ያህል ወደ ፊት ቢሳሳት ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ቅርጹ በጣም ለተለወጠ እግር ከእግሩ ላይ ልክ ተወስዶ የሚቀረጽ ንጣፍ ያስፈልጋል። ዓላማው አንድ ነው፤ ክብደቱ በተቻለ መጠን በሰፊ ቦታ እንዲያርፍ ማድረግ። የግንበኛው ትምህርት እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

እግሩ ያጠረና የደረቀ፣ ጣቶቹም ያለቁበት ሰው ከሆነ ለስላሳነት ብቻውን አያድነውም። እንዲህ ያለ እግር በየርምጃው የሚጎዳው ሲተጣጠፍ ነው፤ ስለዚህ የማይታጠፍ፣ ከሥር እንደ ጀልባ የሚንከባለል ሶል ይሠራለታል። ሶሉ የሚንከባለልበት ነጥብ ከአጥንት ራሶቹ ኋላ መሆን አለበት። ነርቩ ተጎድቶ የእግሩ ፊት ወደ ታች ለተንጠለጠለበት ሰው ደግሞ ንጣፍ መፍትሔ አይሆንም፤ እግሩን ቀና የሚያደርግ ማሰሪያ ወይም ጅማት የማዛወር ቀዶ ሕክምና ይሻል። እንዲሁም ወፍራም ንጣፍ የሚጨመርበት ጫማ ከመጀመሪያው ጥልቅ ሆኖ መሠራት አለበት። በተራ ጫማ ውስጥ የተሰገሰገ ንጣፍ የእግሩን የላይኛውን ክፍል ከጫማው ጣሪያ ጋር አጣብቆ ጣቶቹን ከላይ ያቆስላቸዋል። ይህን ቀላል ነገር በዛሬው ዘመን የተዘጋጁ ንጣፎችን ከገበያ ገዝተው የሚጠቀሙ ሰዎችም ይዘነጉታል።

ብራንድ በ1966 ወደ አሜሪካ ሄደው በሉዊዚያና ግዛት በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በነበረው የካርቪል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የተሃድሶ ክፍሉን ለ20 ዓመታት መሩ። በቬሎር በዓይን የተገመተው እዚህ በመሣሪያ ተለካ። የአይጦችን የእግር መዳፍ በልከኛ ግፊት በቀን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የሚነካ መሣሪያ ሠርተው፣ አንዲት ንክኪ ምንም የማታደርገው ግፊት ለቀናት ሲደጋገም መዳፉን አቁስሎ እንደሚገድል አሳዩ። ንክኪው ተቀንሶ የዕረፍት ቀናት ሲሰጡ ግን መዳፉ ወፍሮ ይጠነክር ነበር። ከዚህ የተነሣ ለሕመምተኞች የተሰጠው ምክር ከጫማ አልፎ አካሄድን ነካ፦ አጭር ርምጃ መራመድ፣ ቀስ ማለት፣ በየመሐሉ ማረፍ፣ አዲስ ጫማን መጀመሪያ ለጥቂት ሰዓት ብቻ አድርጎ አውልቆ ቆዳውን ማየት። ከቀሪው የእግር ክፍል የሞቀና የቀላ ቦታ ከተገኘ ንጣፉ ይስተካከላል፤ ሙቀቱ ከቁስሉ ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ነውና። ግፊት ሲበዛ የሚፈነዱ ረቂቅ የቀለም እንክብሎች የተቀመጡበት ካልሲም አዘጋጅተው ነበር፤ ሕመምተኛው ተራምዶ ሲያወልቀው ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ንጣፉ የት መስተካከል እንዳለበት ይናገራል።

ከሁሉ የሚያስተምረው ሙከራ ግን የከሸፈው ነው። ብራንድና ባልደረቦቻቸው ግፊት የሚለኩ መሣሪያዎችን በጓንትና በጫማ ውስጥ ከትተው አደጋ ሲመጣ ድምፅ የሚያሰማ፣ በኋላም በኤሌክትሪክ የሚነዝር ሰው ሠራሽ የሕመም ሥርዓት ለመፍጠር ዓመታት ደከሙ። ሕመምተኞቹ ምልክቱን ይሰማሉ፤ ሥራቸውን መጨረስ ሲፈልጉ ግን ያጠፉታል። የተፈጥሮ ሕመም ማጥፊያ ስለሌለው ያስቆማል፤ የተሠራው ሕመም ምክር ብቻ ሆኖ ቀረ። ሥራው ተቋረጠ። ዛሬ በጫማ ውስጥ የሚቀመጡ መለኪያዎችን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይህን ውድቀት ቢያነቡት ይጠቀማሉ።

በካርቪል የታየው ሌላ ነገር የሥራውን ስፋት ለወጠው። የስኳር በሽታ ነርቭን ሲያደነዝዝ የሚመጣው የእግር ቁስል በቬሎር ከታየው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። በሥጋ ደዌ የተፈተነው ከእግሩ ጋር ተጣብቆ የሚገጥም ጄሶና የተቀረጸ ንጣፍ ወደ ስኳር ሕሙማን ተሻገረ። በዓለም ዙሪያ የስኳር ሕመምተኞች የእግር ክሊኒኮች የሚከተሉት አሠራር ከድሃ ሕንዳውያን ገበሬዎች እግር የተገኘ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነሣም።

ብራንድ ከኢትዮጵያ ጋር የተገናኙት በዚህ ሥራ ነው። በ1965 (በ1958 ዓ.ም.) በአዲስ አበባ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ቦታ ላይ፣ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ትብብር ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ተሃድሶና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ የተቋቋመውን አለርትን ካቀዱት ዋና ዋና ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ በቦርድ አባልነትም አገልግለዋል። የማዕከሉ አደረጃጀት የቬሎርን ትምህርት ያንጸባርቃል፤ ቀዶ ሕክምናው፣ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናውና የጫማ መሥሪያው በአንድ ግቢ ሆነው፣ ሐኪምና ጫማ ሠሪ አንዱን እግር አብረው እንዲያዩ የታሰበ ነበር። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስም ስለ ሥጋ ደዌ የእግር ቁስል ካጠኑ በኋላ፣ በደጋማ አካባቢዎች በባዶ እግር በሚሄዱ ገበሬዎች ላይ የሚታየው የእግር ማበጥ ከአፈር የሚመጣ መሆኑን አስረድተዋል። የሁለቱም ትምህርት መጨረሻው ጫማ ላይ ያርፋል፤ የፕራይስ ጫማ አፈርን ይከለክላል፣ የብራንድ ደግሞ ግፊትን ይበትናል።

ከ1983 ጀምሮ በኢትዮጵያ የተሰጠው የተቀናጀ መድኃኒት ሥጋ ደዌን ይፈውሳል፤ የሞተ ነርቭን ግን አይመልስም። ስለዚህ በደሴ አቅራቢያ እንደ ቦሩ ሜዳ ባሉ ሆስፒታሎች ታክመው ከበሽታው ነፃ የወጡ ሰዎች የደነዘዘ እግራቸውን ይዘው ወደየአገራቸው ተመልሰዋል። የብራንድ ዘዴ ደካማ ጎን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ንጣፉ በወራት ውስጥ ያልቃል፤ መተካት፣ መለካት፣ መታየት አለበት፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ሩቅ ነው። በተጨማሪም ልዩ ጫማ ባለቤቱን ከሩቅ ያስታውቃል፤ ስሙ የሚያሸማቅቅ በሽታ የነበረበት ሰው ደግሞ በገበያ መሐል ይህን አይፈልግም። ብራንድ ይህን በቬሎር ሳሉ ተረድተውት ነበር። የማይደረግ ጫማ ምንም ያህል በጥበብ ቢሠራ አያድንም፤ ስለዚህ ጫማው የአካባቢውን ጫማ እንዲመስል ማድረግ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ከዚህ አንጻር የባቲ መንገደኛ በረባሶ መጥፎ መነሻ አይደለም። የውጭ ሶሉ እሾህ አያሳልፍም፤ የሚጎድለው የተረከዝ ማሰሪያ፣ የማይደፈጠጥ የውስጥ ንጣፍና ሚስማር የሌለበት ስፌት ነው። እነዚህንም የአካባቢው ጫማ ሠሪ ቢሠለጥን ሊሠራቸው ይችላል።

ብራንድ በ1960 የላስከር ሽልማትን አገኙ፤ በማግሥቱ ዓመት ከእንግሊዝ መንግሥት የክብር ኒሻን ተሰጣቸው። ከካርቪል ጡረታ ከወጡ በኋላ በሲያትል ኖረው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ ስለ ሕመምም መጻሕፍት ጻፉ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለጤና ረዳቶችና ለጫማ ሠሪዎች በቀላል ቋንቋ የተዘጋጀው፣ በ1966 የታተመው ስሜት ስላጣ እግር የሚያስረዳው ትንሽ መመሪያ በየገጠሩ ክሊኒክ ብዙ ያገለገለ ነው። ጁላይ 8 ቀን 2003፣ 89ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ጥቂት ቀናት ሲቀሯቸው፣ በሲያትል ዐረፉ።